ተቃውሞ፦ አንድ ድምፅ። የሄለን ሱዝማን 1963

ኤፕሪል 24 ቀን 1963 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 16 ቀን 1955 ዓ.ም. ማለት ነው። ኬፕታውን ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ አዋጅ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነው። አዋጁ ከጸደቀ ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይይዛል። ያለ ክስ፣ ያለ ጠበቃ፣ ለብቻው ዘግቶ 90 ቀን ያቆየዋል። ገዢው ፓርቲ ደገፈ። ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲም ደገፈ። አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ። ሄለን ሱዝማን ይባላሉ።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ስላልለቀቀኝ ነው። እኛ አገር ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫ ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ ብቻ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። ያኔ ብዙ ሰው «አንድ ሰው ምን ሊሠራ?» ይል ነበር። ቅን ጥያቄ ነው። መልስ ለመፈለግ የሱዝማንን አንድ ዓመት መርጫለሁ፤ 1963ን። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ156 አንድ

ሱዝማን በ1917 ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊትዌኒያ የመጡ አይሁዶች ናቸው። ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። በ1940ዎቹ ጥቁር ሠራተኞችን ከቦታ ቦታ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያግዱትን ሕጎች አጥንተው ለመንግሥት ኮሚሽን ማስረጃ በማዘጋጀት ሠርተዋል። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ምክር ቤት ውስጥ የነበራቸው ጉልበት ከንግግር ችሎታ ብቻ አልመጣም። ቁጥር የመፈለግና መዝገብ የማገላበጥ ልማድ ነበራቸው።

በ1953 ከጆሃንስበርግ ሀብታም ሰፈር ከሃውተን ተመርጠው ምክር ቤት ሲገቡ የዋናው ተቃዋሚ የዩናይትድ ፓርቲ አባል ነበሩ። በ1959 ግን ፓርቲው ለጥቁሮች ተጨማሪ መሬት መገዛቱን እንደማይደግፍ በጉባኤው ወሰነ። ሱዝማንና ጥቂት ባልደረቦቻቸው ወጥተው ፕሮግሬሲቭ ፓርቲን መሠረቱ። ከዚያ የ1961 ምርጫ መጣ። የፓርቲው መሪ ያን ስታይትለር ወደቁ። ሌሎቹም ወደቁ። ሱዝማን ብቻ በ564 ድምፅ ብልጫ ለጥቂት አለፉ።

ምክር ቤቱ 156 በነጮች ድምፅ የሚሞሉ መቀመጫዎች ነበሩት። 105ቱ የገዢው የናሽናል ፓርቲ፣ 49ኙ የዩናይትድ ፓርቲ ነበሩ። የቀሩት ሁለቱ ለሁለት ትንንሽ ፓርቲዎች አንድ አንድ ደረሱ። አንዱ የሱዝማን ነው። አገሪቱ ውስጥ ያኔ 16 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል። ነጩ ከዚያ ውስጥ 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጥቁሮች ቀድሞ ሦስት ነጭ እንደራሴዎች ነበሯቸው። በ1960 እነሱም ተሰረዙ። ስለዚህ በ1963 ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም የራሱ ሰው አልነበረውም። ሰው ሲቸግረው፣ ልጁ ሲታሰርበት፣ ከቤቱ ሲፈናቀል ደብዳቤ የሚጽፈው ለሃውተኗ ተወካይ ነበር። ጸሐፊው መርጧቸው አያውቅም። ሊመርጣቸውም ሕጉ አይፈቅድለትም።

አንድ ሰው ብቻውን የፓርቲ ቡድን ሲሆን የሥራው ጫና ቀላል አይደለም። ትልቅ ፓርቲ ለፍትሕ አንድ ተናጋሪ፣ ለትምህርት ሌላ፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ሌላ ይመድባል። ሱዝማን ግን ሁሉንም ረቂቅ ራሳቸው ማንበብ ነበረባቸው። ብቻቸውን በተቀመጡበት በመጀመሪያው የ1962 ጉባኤ ከ60 በላይ ንግግሮች አድርገዋል፤ ከ100 በላይ ጥያቄዎችም አቅርበዋል። በ1963 ደግሞ ከ90 ቀኑ አዋጅ ሌላ የሕትመትና የፊልም ሳንሱር ቦርድ የሚያቋቁም አዋጅ ነበር። ትራንስካይን ለብቻዋ የምትተዳደር «የጥቁሮች አገር» የሚያደርግ አዋጅም ነበር። ሁለቱም በዚያው ጉባኤ አለፉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጽሑፍ ይገባቸዋል፤ እኔ ወደ ኤፕሪሉ ልመለስ።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ዩናይትድ ፓርቲ ለምን ደገፈ የሚለውን ሳይረዱ የሱዝማንን «አይሆንም» መመዘን አይቻልም። ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ ሰልፈኞችን ከገደለ በኋላ በ1960 የጥቁሮች የነጻነት ድርጅቶቹ፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) እና ፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ፣ ታገዱ። በ1961 መጨረሻ የኤኤንሲ የትጥቅ ክንፍ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ተቋቋመ። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ቆየት ብለው ተመልሰው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። አገራቸው እንደገቡ ተያዙ። በኖቬምበር 1962 አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ከተከሰሱበት ነገር አንዱ ያለ ሕጋዊ ሰነድ ከአገር መውጣት ነው። ወደ እኛ የመጡበት ጉዞ ማለት ነው።

በዚያው ኖቬምበር ፓርል በምትባል ከተማ ፖቆ የተባለው የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ የትጥቅ ቡድን አባላት ባደረሱት ጥቃት ሁለት ነጮች ተገደሉ። በፌብሯሪ 1963 ደግሞ ትራንስካይ ውስጥ ባሺ ድልድይ አጠገብ አምስት ነጮች ተገደሉ። ነጩ መራጭ ደነገጠ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ጆን ቮርስተር ረቂቁን ይዘው የመጡት በዚህ ድንጋጤ መሃል ነው። ዩናይትድ ፓርቲ የ90 ቀኑን አንቀጽ ለይቶ ነቅፏል። ግን «ለአሸባሪ አዘኑ» እንዳይባል ፈራ። በሁለተኛው ንባብ፣ ማለትም በረቂቁ ዋና ሐሳብ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ደረጃ፣ ረቂቁን በመርህ ደረጃ ደገፈ።

እኔ እንደሚመስለኝ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። አንቀጹን እየነቀፉ አዋጁን መደገፍ ይቻላል ብለው ራሳቸውን ያሳመኑ 49 ሰዎች ነበሩ። ክፉ ሰዎች ሁሉ አልነበሩም። የሚቀጥለውን ምርጫ እያሰቡ ነበር። የሱዝማን ብልጫም እኮ 564 ድምፅ ብቻ ነው! ከማንም በላይ መፍራት የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ።

አንቀጽ 17

አንቀጹ እንዲህ ይሠራል። አንድ የፖሊስ መኮንን ሰው ይጠረጥራል። ሰውየው የማውደም አሻጥር (ሳቦታጅ) ፈጽሞ ይሆናል፣ ወይም ስለ ታገዱ ድርጅቶች መረጃ ይኖረው ይሆናል። ወንጀል መሥራት ግዴታ አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር አለ ተብሎ መታሰቡ ይበቃል። ከተያዘ በኋላ ለጥያቄዎች «አጥጋቢ» መልስ እስኪሰጥ ይቆያል። መልሱ አጥጋቢ መሆኑን የሚወስነው የፖሊስ ኮሚሽነሩ ነው። ጠበቃ አይገባም። ቤተሰብ አይገባም። በሳምንት አንዴ የሚጎበኘው አንድ ዳኛ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት እስረኛውን መልቀቅ አይችልም፤ ሥልጣኑ በአዋጁ ተነጥቋል።

ከዚህም የባሰ አለ። 90 ቀኑ «ለአንድ ጊዜ እስር» ነው የሚለው ሕጉ። 90 ቀን ሲሞላ ፈትቶ ወዲያው መልሶ መያዝ ይቻላል ማለት ነው። ይህ ይደጋገም እንደሆነ ቮርስተር ሲናገሩ እስከዚህኛው የዘለዓለም ዳርቻ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ገለጹ። የፍትሕ ሚኒስትር ነው ይህን የሚለው።

ሱዝማን ተነሥተው ተከራከሩ። ክርክራቸው ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው የሕግ የበላይነት ነው፤ ፍርድ ቤትን ከእስረኛ ያራቀ አገር ራሱን በሕግ የምተዳደር ነኝ ማለት አይችልም። ሁለተኛው የአመፁ ምክንያት ነው። ሰው ሐሳቡን የሚገልጽበት ሕጋዊ መንገድ ሁሉ ከተዘጋበት በድብቅ ይሄዳል፤ ይህ አዋጅ ደግሞ የቀረውን በር ይዘጋል። ከሌላው ወገን ጩኸትና ማቋረጥ ነበር። በምክር ቤት ሕይወታቸው ሁሉ የለመዱት ነገር ነው፤ አይሁድነታቸውን እያነሡ የሚሳደቡም ነበሩ።

ከዚያ ድምፅ እንዲቆጠር ጠየቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብቻውን የሆነ ሰው ዝም ቢል አዋጁ «ያለ ተቃውሞ» አለፈ ተብሎ ይጻፋል። ውጤቱ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ ያልፋል። ልዩነቱ በመዝገቡ ላይ ነው። ሱዝማን ያደረጉት መዝገቡ ውስጥ አንድ ስም ማስገባት ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሆኑ በሌላው ወገን አንዲት ሴት ብቻቸውን ቀሩ። ጉዳዩን ባነበብኩ ቁጥር ይህ ምስል ይመጣብኛል።

አዋጁ በሜይ መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ሜይ 25፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ጉባኤው አፓርታይድን ካወገዙት ውሳኔዎቹ ጎን ለነጻነት ትግሎች የሚረዳ ኮሚቴ አቋቋመ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደግሞ ከ1960 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ላይ ከሰው ነበር። ውጭ ያለው ዓለም ይጮሃል። ኬፕታውን አዳራሽ ውስጥ የሚጮኸው ግን አንድ ሰው ነው።

የሶቡክዌ አንቀጽ

በዚያው አዋጅ ውስጥ ለአንድ ሰው ተብሎ የገባ አንቀጽም ነበር። ሮበርት ሶቡክዌ የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ መሪ ናቸው። በ1960 ሦስት ዓመት ተፈርዶባቸው በሜይ 1963 ጨርሰው ሊወጡ ነው። አዋጁ ሚኒስትሩ ቅጣቱን የጨረሰ እስረኛ እንዲያቆዩ ፈቀደላቸው። ሶቡክዌ ከእስር ወደ እስር ተዛወሩ። ሮበን ደሴት ላይ ከሌሎች እስረኞች ተነጥለው በአንዲት ቤት ተቀመጡ። ሥልጣኑ በየዓመቱ መታደስ ነበረበት። ሲታደስ ሲታደስ እስከ 1969 ሄደ። አዲስ ወንጀል የለም፣ አዲስ ፍርድ የለም። ሱዝማን ጉዳዩን እያነሡ ተከራከሩ። በየዓመቱ ስማቸው በአዳራሹ ካልተጠራ ሶቡክዌ እዚያች ደሴት ላይ ይረሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው የሥራ መሣሪያቸው ልግባ። ንግግር ሳይሆን የጽሑፍ ጥያቄ ነው። የምክር ቤት አባል ሚኒስትሩን ይጠይቃል፤ ሚኒስትሩ ይመልሳል። ስንት ሰው ታስሯል? ስንቱ ተከሰሰ? ስንቱ ያለ ክስ ተለቀቀ? ጥቁሮች የይለፍ ወረቀት እንዲይዙ በሚያስገድደው ሕግ ስንቱ ተያዘ? አሰልቺ ይመስላል። ግን በዚያ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለት ሕጎች ያሳዩናል።

አንደኛው የ1959 የእስር ቤቶች ሕግ ነው። ስለ እስር ቤት ትክክል ያልሆነ ነገር ያተመ ጋዜጣ ይከሰሳል፤ እውነቱን ለማጣራት እንደጣረ የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው። ስለዚህ ጋዜጦች ፈርተው ዝም አሉ። ሁለተኛው የ1962ቱ ሕግ ነው። የታገደን ሰው፣ ማለትም መንግሥት በትእዛዝ ከፖለቲካ እንቅስቃሴ ያገደውን ሰው፣ ቃል መጥቀስ ወንጀል ሆነ። ከመቶ በላይ ሰዎች በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። እንግዲህ መረጃ ከየት ይምጣ? ሚኒስትር ራሱ ምክር ቤት ውስጥ የተናገረውን ማተም ግን ይቻላል። ሱዝማን ይጠይቃሉ፣ ሚኒስትሩ ቁጥሩን ይናገራሉ፣ ሀንሳርድ በሚባለው ቃለ ጉባኤ ይገባል፣ ራንድ ዴይሊ ሜይልን የመሰለ ጋዜጣ በማግስቱ ያወጣዋል። መንግሥት የደበቀውን ራሱ መንግሥት እንዲናገረው ማድረግ ነው ዘዴው።

አንድ ሚኒስትር በንዴት፣ እነዚህን ጥያቄዎች የምትጠይቂው ደቡብ አፍሪካን በውጭ አገር ለማሳፈር ነው ብለው ነበር። የሱዝማን መልስ እስከዛሬ ይጠቀሳል፤ «ደቡብ አፍሪካን የሚያሳፍሯት የእኔ ጥያቄዎች ሳይሆኑ የእናንተ መልሶች ናቸው።»

ምክር ቤቱ ሲዘጋ

የደቡብ አፍሪካ ምክር ቤት የሚቀመጠው በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ነበር፤ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ገደማ። የ1963 ከባዱ ነገር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጁላይ 11 ቀን ፖሊስ ሪቮኒያ ሰፈር ያለውን የታጋዮቹን መደበቂያ፣ የሊሊስሊፍ እርሻን፣ ከበበ። የትግሉ መሪዎች ዋልተር ሲሱሉ፣ ጎቫን ምቤኪ፣ አህመድ ካትራዳና ሌሎችም ተያዙ። በዚሁ በ90 ቀኑ አዋጅ ተዘግተው ተመረመሩ። በኦገስት ጋዜጠኛዋ ሩት ፈርስት ታሰረች። 90 ቀን ሲሞላ ተፈታች ተባለ፤ መንገዱ ላይ ሳለች መልሰው ያዟት። በድምሩ 117 ቀን ታሰረች። ሱዝማን በኤፕሪል ያስጠነቀቁት ነገር በኖቬምበር አስፋልት ላይ ታየ።

ሴፕቴምበር 5 ቀን ሉክስማርት ንጉድሌ ፕሪቶሪያ እስር ቤት ውስጥ ሞተው ተገኙ። በ90 ቀኑ አዋጅ ታስረው የሞቱ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ራሳቸውን ሰቅለው ነው ተባለ። የሞታቸው ምክንያት በፍርድ ቤት ሲጣራ መንግሥት አንድ ነገር አደረገ። የሞተውን ሰው አገደ። በሕይወት የሌለ ሰው! በዚህ የተነሣ ንጉድሌ ከመሞታቸው በፊት ስለ ደረሰባቸው ሥቃይ የተናገሩትን መጥቀስ ተከለከለ። እዚህ ስደርስ የምክር ቤቱ ጥያቄ ምን ያህል ውድ እንደነበር ይበልጥ ይገባኛል። የሟች ቃል እንኳ በታገደበት አገር ሚኒስትርን መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያ ሰው ወንበሩን እንዳያጣ መጸለይ ነው።

በዚያው ዓመት ከግሩትቪል አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። ጸሐፊው አለቃ አልበርት ሉቱሊ ናቸው፤ የኤኤንሲ መሪና የኖቤል የሰላም ተሸላሚ። በእገዳ ላይ ስለነበሩ ቃላቸው በአገራቸው ጋዜጣ ሊታተም አይችልም። ለሱዝማን ብቸኛ ትግል ያላቸውን አድናቆት ገልጸው፣ የነጻነት መብራቶች አንድ በአንድ በሚጠፉበት ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ብሩህ ኮከብ እንደሆኑ ምንጊዜም እንዳይረሱ ጻፉላቸው።

ነቀፋውም እውነት አለው

ሱዝማንን የሚነቅፉ ሰዎች ነበሩ፤ ነቀፋቸውን ማለፍ አልፈልግም። በስደት ያሉ ታጋዮች «ለነጮች ብቻ በተሠራ ምክር ቤት ውስጥ መቀመጥ ምክር ቤቱን ሕጋዊ ማስመሰል ነው» ይሉ ነበር። ፓርቲያቸውም በዚያ ዘመን ለሁሉም ሰው እኩል ድምፅ አይልም ነበር። በትምህርትና በንብረት የተገደበ የመምረጥ መብት ነው ያቀረበው። ኋላም ሱዝማን በደቡብ አፍሪካ ላይ የሚጣለውን የኢኮኖሚ ማዕቀብ ተቃውመዋል። ከእነዚህ በአንዱም ከእሳቸው ጋር አልስማማም።

ውጤቱንም ከፍ አድርጌ መናገር አልፈልግም። ተቃውሟቸው የአዋጁን ዕድሜ በአንድ ቀን እንኳ አላሳጠረውም። ከ1000 በላይ ሰዎች ታስረውበታል። በጃንዋሪ 1965 መንግሥት አዋጁን ሲያግድ ሱዝማን ስላሸነፉ አልነበረም፤ ፖሊስ የሚፈልጋቸውን አብዛኞቹን ይዞ ጨርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ለምስክርነት የሚፈለጉ ሰዎችን 180 ቀን የሚያስር ሌላ ሕግ መጣ። በ1967 ጊዜ ገደብ የሌለው እስር የሚፈቅደው የሽብር ሕግ ቀረበ። ያንንም ብቻቸውን ተቃወሙ።

ታዲያ የታሰሩት ሰዎች ራሳቸው ምን አሉ? ለእኔ ከሁሉ የሚመዝነው ይሄ ነው። ሱዝማን በ1967 ሮበን ደሴትን ጎበኙ። እስረኞቹ ተጠባብቀው ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ያገኟቸው ኤዲ ዳንኤልስ ጊዜ እንዳያባክኑ ነግረው ወደ መጨረሻው ክፍል ወደ ማንዴላ ላኳቸው። ማንዴላ የእስር ቤቱ አለቃ አጠገባቸው ቆሞ እያለ የእስረኞቹን በደል አንድ በአንድ ነገሯቸው። ክንዱ ላይ የስዋስቲካ ንቅሳት ስለነበረው ጨካኝ ጠባቂ ጭምር ተናገሩ። ሱዝማን ጉዳዩን ይዘው ሄዱ። ሰውየው ከዚያ ተዛወረ። ማንዴላ በኋላ ሲያስታውሱ እኛን ክፍላችን ድረስ መጥታ የጎበኘችን የመጀመሪያዋም ብቸኛዋም ሴት እሷ ነች ብለዋል።

እስከ 1974 ድረስ ለ13 ዓመት ብቻቸውን ተቀመጡ። በዚያ ዓመት ምርጫ ስድስት ባልደረቦች ተጨመሩላቸው። በ1989 ከ36 ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ለቀቁ።

ዲሴምበር 10 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ማንዴላ ሻርፕቪል ላይ አዲሱን ሕገ መንግሥት ሲፈርሙ ሱዝማን አብረዋቸው ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፤ 48 ሰዓት።